ከሺህ ሦስት መቶ አንድ

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

በዚህ መጽሔት ስለ ስፖርት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝና ዛሬ የምጽፈው አንድ ቀን እንኳ በሜዳ ተገኝቼ ስላላየሁት ጨዋታ፣ ይኸውም አሜሪካኖች ቤዝቦል ስለሚሉት ነው። ያውም ስለ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ከጨዋታው በኋላ ስለሚጻፈው ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር በቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ስለ ሠራ፣ ከነገሩ በፊት የነበረውም ጥፋት የኔ ስለ ሆነ፣ እንደ ሆነው አድርጌ እነግራችኋለሁ። የጨዋታውን ዓመታት የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ባለፈው ነሐሴ የአክስቴ ልጅ 10ኛ ክፍልን በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ጨርሳ ከእኛ ጋር ተቀምጣ እንድትማር ወደ አዲስ አበባ መጣች። ሻንጣዋን ገና ሳትፈታ አባባ የትምህርት ካርዷን ተቀበሉና መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱት። አማካይ ውጤቷ 67 ነበር። የኔ በዚያው ዓመት 84 ነበር። አባባ ካርዱን ወደ እኔ አሳልፈው «አንተ የትምህርቱን ነገር ታውቃለህ፤ እናንተ ዘንድ ብትገባ ትችለዋለች ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። በካርዱ ግርጌ «ከ58 ተማሪ 3ኛ» የሚል ተጽፎ አይቻለሁ። ነገር ግን በልቤ «ከዚያ ሦስተኛ መውጣት ምን ቁም ነገር አለው?» አልኩና «ይከብዳታል፤ ማታ ብትማር ይሻላል» ብዬ መለስኩ። ልጅቱ በበሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። በመስከረም ወር ለማታ ትምህርት ተመዘገበች፤ ቀን ቀን እናቴን በሥራ ትረዳ ጀመር። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ለገና በዓል የእናቴ ወንድም ከቦስተን መጡ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ በወጣትነታቸው በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካ የገቡት በ1982 ነው፤ የመጀመሪያ ሥራቸውም ፌንዌይ ፓርክ ከሚባለው ከታወቀው የቤዝቦል ሜዳ አጠገብ ተመልካቾች የሚያመጡትን መኪና እየተቀበሉ ማቆም ነበር። ለሁላችንም ጫማና ልብስ ካደሉ በኋላ ለኔ የመጫወቻ ካርታ የምታኽል አንዲት ወፍራም ወረቀት ጨመሩልኝ። በፊቷ ዱላ በትከሻው ላይ ያነሣ ሰው ሥዕል አለባት፤ በጀርባዋ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቍጥር ተሞልቶባታል። የሰውየው ስም ካርል ያስትረምስኪ ይባላል። ስሙን አስተካክዬ ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የቦስተን ሰዎችም ሳይከብዳቸው አልቀረም፣ በአጭሩ «ያዝ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ትንሹ ወንድሜ ይህን ሲሰማ «ምኑን ነው የሚይዘው?» ብሎ አሳቀን።

በካርዷ ጀርባ በ1968 መስመር ላይ 0.301 የሚል አየሁና ጋሼን ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ኳሷን በሰዓት ከ145 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሆን በሚችል ፍጥነት ይወረውራታል፤ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅባትም። መቺው መትቷት፣ ከአየር ላይ ሳትቀለብበት፣ ኳሷም ሳትቀድመው ወደ መጀመሪያው ማረፊያ በሩጫ ከደረሰ አንድ መምታት ተቈጠረለት ማለት ነው። እንግዲህ የመታበት ጊዜ ሊመታ ለቆመበት ጊዜ ሲካፈል ይህ ቍጥር ይወጣል። ወርዋሪው አራት የተበላሸ ውርወራ ወርውሮለት በነጻ የሚሄድበት ጊዜ ግን ከሒሳቡ አይገባም። ያስትረምስኪ በ1968 ለመምታት 539 ጊዜ ቆሞ 162 ጊዜ መታ፤ ከሺህ ሦስት መቶ አንድ መሆኑ ነው።

እኔም «ከአሥሩ ሦስቱን ብቻ! ይህ ሰው እኛ ክፍል ቢሆን ይወድቅ ነበር» ብዬ ሳቅሁ። ጋሼ አልሳቁም። «በዚያ ዓመት በአሜሪካን ሊግ ከርሱ የበለጠ የመታ ማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «ማንም የለም። ከሺህ ሦስት መቶ የደረሰ ሌላ ሰው በሊጉ ውስጥ አልነበረም፤ ሁለተኛው የመታው 290 ነው። በል ወረቀትና እርሳስ አምጣ።»

በወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ጻፉ፤ አንዱ ያስትረምስኪ፣ ሌላው ቢል ቴሪ። ቴሪ የኒው ዮርክ ጃያንትስ ተጫዋች ሲሆን በ1930 በናሽናል ሊግ 0.401 መትቷል፤ ከርሱ በኋላ በዚያ ሊግ በአንድ ሙሉ ዓመት ውስጥ አራት መቶ የደረሰ የለም። ሁለቱን ጐን ለጐን ያየ ሰው ቴሪ በመቶ ነጥብ በለጠ ማለቱ አይቀርም፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከዚህ በኋላ ጋሼ በየስሙ ሥር አንድ አንድ ቍጥር ጨመሩ። በ1930 የናሽናል ሊግ ተጫዋች ሁሉ በአማካይ 0.303 መትቶ ነበር። ማለት፣ በ1968 በአሜሪካን ሊግ አንደኛ የሚያሰኘው ውጤት በ1930 በናሽናል ሊግ ከመካከለኛ ሰው እንኳ የሚያንስ ነበር። እንዲያውም የፊላደልፊያ ቡድን በ1930 በጠቅላላው 0.315 መትቶ ሳለ 102 ጨዋታ ተሸንፎ መጨረሻ ወጥቷል፤ ሁሉም ሲመታ መምታት አያስከብርምና። በ1968 ግን የአሜሪካን ሊግ አማካይ 0.230 ብቻ ነበር።

«አሁን አካፍል» አሉኝ። ለቴሪ 401ን ለ303 ባካፍል 1.32 ወጣ። ለያስትረምስኪ 301ን ለ230 ባካፍል 1.31 ወጣ። ያ ሁሉ የመቶ ነጥብ ልዩነት ወዴት እንደ ሄደ ወረቀቱን ገልብጬ እስክፈልግ ድረስ ተደነቅሁ። ጋሼም ለመጨመር «እስቲ የ1967ን ሞክር» አሉኝ፤ በዚያ ዓመት ያስትረምስኪ 0.326፣ ሊጉ 0.236 ነበር። 1.38 ሆነ። አራት መቶ ከመታው ሰው በለጠ ማለት ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ጥያቄ ግን ያዘኝና በማግሥቱ ለጋሼ አቀረብኩላቸው። አማካዩ ዝቅ ያለው ጨዋታው ከብዶ ነው ወይስ ተጫዋቾቹ ደካሞች ሆነው ነው? ተጫዋቾቹ ደካሞች ከሆኑ ከደካሞች መካከል አንደኛ መሆን ምንም አያስመካም። ጋሼ ጥያቄው ደስ አሰኛቸው። በ1968 ወርዋሪዎቹ ያላንዳች ከልካይ የነገሡበት ዓመት ነበር አሉ። የሴንት ሉዊሱ ቦብ ጊብሰን በዘጠኝ ዙር በአማካይ የሰጠው ነጥብ 1.12 ብቻ ነበር፤ የዲትሮይቱ ዴኒ ማክሌን 31 ጨዋታ አሸነፈ፤ ከርሱ ወዲህ 30 ያሸነፈ ወርዋሪ አልተገኘም። የሊጎቹ ሹሞች በነገሩ ደንግጠው ለ1969 ሁለት ነገር ለወጡ። ወርዋሪው የሚቆምበትን የአፈር ጕብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች፣ ከ38 ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ዝቅ አደረጉት፤ ትክክለኛ ውርወራ ተብሎ የሚቈጠርበትንም ወሰን አጠበቡት። በአንድ ክረምት ውስጥ የአሜሪካን ሊግ አማካይ ከ0.230 ወደ 0.246 ወጣ። በዚያ ዓመት አዳዲስ ቡድኖች መግባታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ መቺዎች የአምናዎቹ ነበሩ። «እንግዲህ አፈር ተቈርጦ ሲነሣ ሰዎቹ ጐበዞች ሆኑ» አሉ ጋሼ።

ስለ ካርዷ ሌላም የነገሩኝ አለ፤ ለኔ ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ይህ ነው። ያስትረምስኪ የድንች ገበሬ ልጅ ነው። ቦስተን ቴድ ዊሊያምስ የሚባል ታላቅ መቺ ነበራት፤ በ1941 0.406 መትቶ፣ በአሜሪካን ሊግና በናሽናል ሊግ እስከ ዛሬ አራት መቶ በመድረስ የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። በ1960 ዊሊያምስ ጨዋታ ሲያቆም በሚቀጥለው ዓመት ያን ቦታ የተረከበው ይህ የ21 ዓመት ልጅ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ የመታው 0.266 ነበር። በጠቅላላው 23 ዓመት በዚያው በአንድ ቡድን ተጫውቶ በመጨረሻው ዓመት፣ በ1983፣ የመታው አሁንም 0.266 ነው። ቍጥሩን ብቻ ያየ ሰው ይህ ሰው እንደ ጀመረ ጨረሰ ይላል። ነገር ግን በ1961 የሊጉ አማካይ 0.256 ነበር፤ በ1983 ደግሞ 0.266 ነበር። ሲጀምር ከመካከለኛው ሰው ዐሥር ነጥብ በላይ፣ ሲጨርስ በዐርባ አራት ዓመቱ ልክ ከመካከለኛው ሰው ጋር እኩል ሆኖ ነው። በመካከሉ በ1981 0.246 መትቶ ከሊጉ በታች የወረደበት ዓመትም አለ። ብዙ ዘመን የተጫወተ ሰው እርጅናውንም ከወጣትነቱ ጋር ደምሮ ይሸከማልና የዕድሜ ልክ ውጤቱ 0.285 ነው፤ ለመምታት 11,988 ጊዜ ቆሞ 3,419 ጊዜ መትቷል። ዛሬ ሒሳብ አዋቂዎቹ መምታቱን ብቻ ሳይሆን በነጻ የሄደበትን፣ አርቆ የመታበትንና የሜዳውን ሁኔታ ጭምር አገናዝበው የሊጉን አማካይ 100 የሚያደርጉበት ሌላ መለኪያ አላቸው፤ በዚያ መለኪያ የያስትረምስኪ የ23 ዓመት ድምር 130 ነው።

ጋሼ ይህን ሰው ሲጫወት በዓይናቸው አይተውት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። ኦክቶበር 2 ቀን 1983 የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት እርሳቸው ከሜዳው ውጭ ሥራ ላይ ነበሩ። ሕዝቡ ሲጮኽ ሰምተዋል። የመግቢያ ዋጋ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን ነገር ልመለስ። ማታውን ሳሰላስል የአክስቴ ልጅ 67 ትዝ አለኝ። የኔ ክፍል አማካይ 74 መሆኑን የክፍል ኀላፊያችን መምህር ነግረውን ነበር፤ 84ን ለ74 ባካፍል 1.14 ገደማ ሆነ። የርሷን ግን ለማወቅ በካርዷ ላይ የክፍሉ አማካይ አልተጻፈም። ስለዚህ ደብተሬን ይዤ ወደ ማእድ ቤት ሄድኩና ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። የዓመቱ መጨረሻ ዕለት ስምና ውጤት በሰልፍ ላይ ይነበብ ነበር አለችኝ። ከ58ቱ የ52ቱን ውጤት በቃሏ ታውቀዋለች! እየነገረችኝ ጻፍኩ። ስድስቱን ስላላስታወሰች ልክ ነው ለማለት አልደፍርም፤ በቅርቡ ግን አማካዩ 49 ወጣ። 67 ሲካፈል ለ49፣ 1.37።

እኔም ትልቅ ስጦታ እንዳመጣ ሰው ሆኜ «ከኔ ትበልጫለሽ ማለት ነው!» አልኳት። እርሷ ግን ቢላዋውን አስቀመጠችና «ባለፈው ነሐሴ ሳታካፍለኝ ምን ነበርኩ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ዝም ብዬ ስቀር ደብተሩን ወሰደችና በጣቷ እያሳየች ትነግረኝ ጀመር። ይኸ 38 ያገኘው፣ ከአገሩ ሰኞ ሌሊት ተነሥቶ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚመጣ ነው፤ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ ይተኛል። ይህች 41 ያላት በመከር ጊዜ ሁለት ወር ትቀራለች፤ ቤተ ሰቧ ካለ እርሷ አጫጅ የለውም። እነዚህ ሁለቱ አንድ መጽሐፍ በተራ ነው የሚያነቡት። የፊዚክስ መምህራችን ደግሞ መቶ ለእግዜር፣ ዘጠና ለኔ የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ከ80 በላይ ሰጥተው አያውቁም። «አየህ፣ አንተ ጕብታው ከፍ ያለ ነው ወይስ ሰዎቹ ደካሞች ናቸው ብለህ ጋሼን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ነው። ወይም ሁለቱም አይደለም። አማካዩ ዝቅ ሲል አንተ ለኔ ደስ አለህ፤ ዝቅ ያለው ግን በነዚህ ልጆች ነው» አለች። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ዓይኗ ዕንባ አቅርሮ ነበር።

ማታ ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጅቱ ልክ ናት፤ እኔም ያልነገርኩህ ነገር አለ» አሉ። ያ ቴሪን የለካንበት የ1930 አማካይ የነጮች ብቻ አማካይ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 እስኪገባ ድረስ ጥቍር ተጫዋች በእነዚህ ሊጎች ውስጥ እንዲጫወት አይፈቀድለትም ነበርና ጥቍሮቹ ለብቻቸው በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበር። ከነርሱ መካከል ጆሽ ጊብሰን የሚባል መቺ ነበረ፤ ሮቢንሰን ሊገባ ሦስት ወር ያኽል ሲቀረው በ1947 በ35 ዓመቱ ሞተ። በ2024 የቤዝቦል ሹሞች የጥቍሮቹን ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲደባልቁ የዕድሜ ልክ አንደኛው መቺ ለረጅም ዘመን የታወቀው ታይ ኮብ በ0.367 መሆኑ ቀርቶ ጆሽ ጊብሰን በ0.372 ሆኖ ተገኘ። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ኮብ አንደኛ ነው ስል ኖሬአለሁ» አሉ ጋሼ፤ «የተጻፈው እንደዚያ ነበር።»

እዚህ ላይ ስለ ሒሳቡ አንድ ነገር ሳልጨምር ባልፍ የሒሳብ መምህሬ ይታዘቡኛል። ደብተሬን ባሳየኋቸው ጊዜ ማካፈሉ ጥሩ ነው፣ አይበቃም ግን አሉኝ። ሌሎቹ በአማካዩ ዙሪያ ተጠጋግተው ቆመዋል ወይስ ተበታትነዋል የሚለውም መታወቅ አለበት። በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው ስቲቨን ጄይ ጉልድ በ1996 ባወጣው መጽሐፍ፣ አራት መቶ የሚመታ ሰው የጠፋው መቺዎች ስለ ደከሙ ሳይሆን ሁሉም ተጫዋች እየተሻሻለ ስለ መጣና በጣም ጥሩው ከመካከለኛው የሚርቅበት ስፋት ስለ ጠበበ ነው ብሏል። እኛ ክፍል ከ60 በታች ያለው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ከ90 በላይም አንድ። እርሷ ዘንድ ግን ከ22 እስከ 73 ተዘርግተዋል። ስለዚህ የኔ 1.14 እና የርሷ 1.37 እንደ ሁለት ክንድ ገመድ ተስተካክለው የሚለኩ አይደሉም። መምህሬ ይህን ሲነግሩኝ ማን በለጠ የሚለውን ነገር ተውኩት፤ ለመተውም እንደ ምክንያት ሆነኝ ብል አልዋሽም።

አባባን የነገርኳቸው ጋሼ በሄዱ በሦስተኛው ቀን ነው። ካርዷን፣ ደብተሬን፣ የ52ቱን ልጆች ዝርዝር በፊታቸው ዘርግቼ በነሐሴ የነገርኳቸው ፍርድ አለማወቅ እንደ ነበረ፣ «ከ58 ሦስተኛ» የሚለውንም አይቼ እንደ ዘለልኩት ተናገርኩ። አባባ የተቈጡ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው «እኔስ ዓይን አልነበረኝም?» አሉ። በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው እርሷን አስከትለው ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ዝርዝሩን ተመልክተው፣ ይህን ሁሉ ሒሳብ ማን ሠራው ብለው ከጠየቁ በኋላ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች የተፈተኑትን ፈተና እርሷም እንድትፈተን ፈቀዱ። በሒሳብ 71፣ በፊዚክስ 66፣ በእንግሊዝኛ 58 አገኘች። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ገባች።

አሁን ከኔ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። እንግሊዝኛው አሁንም ያስቸግራታል፤ በፊዚክስ ባለፈው ፈተና በአራት በልጣኛለች፣ ክፍሉም ፈተናውም አንድ ስለ ነበረ የማካፍለው ነገር አላገኘሁም። የያስትረምስኪን ካርድ ወስዳ በሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ ገጽ ማመልከቻ አድርጋዋለች። ጋሼ በስልክ ሲደውሉ ጨዋታውን ወደድሽው ወይ ብለው ቢጠይቋት «አልወደድኩትም፤ ብዙ መቆም አለበት» አለቻቸው። እርሳቸውም ከቦስተን ሆነው ሲስቁ ሁላችንም ሰማን።